ፍጥሞ፤ የግዞት ደሴት የመጻሕፍት ማደሪያ ስለ መሆኗ

በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ላደገ ኢትዮጵያዊ የፍጥሞ ስም እንግዳ አይደለም፤ ካርታ ገልጦ ባሕርን ከደሴት ለይቶ ሳያውቅ ገና በልጅነቱ፣ ወንጌላዊው ዮሐንስ ስለ ምስክርነቱ በግዞት የተቀመጠባትና ሊቃውንቶቻችን አቡቀለምሲስ የሚሉትን ራእይ ያየባት ስፍራ እንደ ሆነች ሰምቷልና። ነገር ግን ስሟን ይህን ያህል አጥብቀን የያዝናት ደሴት ከራእዩ ወዲህ ባለፉት ረጅም ዘመናት ምን እንዳገኛት፣ እነማን እንደ ኖሩባትና በምን ጥበብ እንደ ተጠበቀች የጠየቅን ጥቂቶች ነን። ግሪኮች ፓትሞስ የሚሏት ይህች ደሴት ዛሬ የመልክዓ ምድሯን ውበትና የሕዝቧን ልማድ ለማየት የሚጐርፉ እንግዶች በየበጋው የሚሞሏት ናት። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም፣ እንግዳው ከመርከቡ ላይ ቆሞ ተፈጥሮ የሰጠችው ጌጥ እየመሰለው የሚያደንቀው መልክ፣ በስደተኞች፣ በመነኮሳትና በመርከበኞች እጅ፣ ብዙ ጊዜም በፍርሃት ተገፍቶ የተሠራ የታሪክ ሥራ መሆኑን ለማስረዳት ያለኝ ምኞት ነው። የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ደሴቲቱ በኤጌ ባሕር ምሥራቃዊ ወገን፣ ከታናሽ እስያ ጠረፍ ፊት ለፊት ከተበተኑት ዶዴካኔዝ ከሚባሉት ደሴቶች አንዷ ስትሆን፣ ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ነዋሪዋም 3000 ገደማ ነው። እሳተ ገሞራ የወለዳቸው ሦስት የዐለት ክፍሎች በቀጫጭን የምድር አንገቶች ተያይዘው አንድ አገር ስለ ሆኑ፣ ባሕሩ ከየአቅጣጫው ወደ ውስጥ እየገባ ለመርከብ መጠለያ የሚሆኑ ብዙ ወሽመጦች አበጅቶላታል፤ ውሃና ለም አፈር ግን ነፍጓታል። ከፍተኛው ተራራዋ በነቢዩ ኤልያስ ስም የሚጠራው ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ ያለው ቁመት 269 ሜትር ብቻ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ እስካሁን የላትም፤ ከአቴና ወደብ ከፒሬዎስ የሚነሣ መንገደኛ ሰባት ሰዓትና ከዚያም በላይ በባሕር ላይ መጓዝ አለበት። ሲቀርብም አስቀድሞ የሚታየው፣ በኮረብታው ራስ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ግራጫ ምሽግና እግሩን ከብበው የተጠጉ ነጫጭ ቤቶች ናቸው።

ሮማውያን ሊገድሉት ያልፈለጉትን፣ ነገር ግን ከሕዝብ መካከል ሊያርቁት የወደዱትን ሰው ወደ ደሴት የመላክ ሥርዓት ነበራቸው። ሽማግሌው ሐዋርያ በንጉሡ በድምጥያኖስ ዘመን፣ በ95 ዓ.ም. ገደማ፣ ከኤፌሶን ተወስዶ ወደዚህች ደረቅ ምድር የመጣው በዚሁ ሥርዓት እንደ ሆነ የጥንት አባቶች ይመሰክራሉ። ከደሴቲቱ በስተ ምሥራቅ ባለው የታናሽ እስያ ምድር፣ ራእዩ የተላከላቸው ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት፣ ኤፌሶን፣ ሰምርኔስ፣ ጴርጋሞን፣ ትያጥሮን፣ ሰርዴስ፣ ፊልድልፍያና ሎዶቅያ ነበሩ፤ ስለዚህ መጽሐፉ ባሕር የለየው አባት ለልጆቹ የጻፈው መልእክት እንደ ሆነ በፍጥሞ ኮረብታ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ይበልጥ ይገለጥለታል። ድምጥያኖስ በ96 ዓ.ም. በተገደለና ኔርዋ በነገሠ ጊዜ ግዞተኞች ስለ ተለቀቁ ሐዋርያው ወደ ኤፌሶን ተመለሰ። የግዞቱ ዘመን አጭር ነበረ፤ ነገር ግን በዙፋኑ ዙሪያ የታዩት አርባዕቱ እንስሳና 24ቱ ካህናተ ሰማይ፣ ከዚያች ዐለት ተነሥተው በዓለም ክርስቲያኖች ሁሉ ቅዳሴና ሥዕል፣ በእኛም አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ሳይቀር ገብተዋል።

ሐዋርያው ራእዩን ያየበት የሚባለው ዋሻ ከወደቡ ከስካላ ወደ ላይኛዋ ከተማ ወደ ኾራ በሚያወጣው መንገድ እኩሌታ ላይ ይገኛል። በላዩና በዙሪያው በተሠሩት ነጫጭ ጸሎት ቤቶች ስለ ተሸፈነ ከውጭ ሲያዩት የዋሻ መልክ የለውም፤ በደረጃ ወርዶ በቅድስት ሐና ስም ወደ ተሰየመችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ግን፣ በአንዱ ወገን የሰው እጅ ያቀናው ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ተፈጥሮ እንደ ተወው የቀረ ሻካራ ዐለት ተጋጥመው አንድ ቤት ሲሆኑ ያያል። የዐለቱ ጣሪያ በሦስት ተሰንጥቋል፤ የአገሩ ሰዎች ይህ ስንጥቅ የራእዩ ድምፅ በተሰማ ሰዓት የተከፈተ፣ ሦስትነቱም የሥላሴ ምሳሌ ነው ይላሉ። ከወለሉ አጠገብ ዙሪያዋን በብር የተለበጠች ጐድጓዳ ስፍራ አለች፤ ሐዋርያው ራሱን ያሳርፍባት የነበረች ናት ይባላል። ከእርስዋ ከፍ ብላ ያለችው ሌላዋ ጐድጓዳ፣ ሽማግሌው ከጸሎት ሲነሣ እጁን ይደግፍባት የነበረች ናት ይላሉ፤ ጥቂት ራቅ ብሎም ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ የመምህሩን ቃል እየሰማ ጻፈበት የሚባለው፣ እንደ አትሮንስ የተዳፋ ዐለት ይታያል። ስለ ጵሮኮሮስ የሚተረከው ከሐዲስ ኪዳን የተገኘ ሳይሆን በኋለኛ ዘመን ከተጻፈ ገድል ነው፤ ያ ገድል ወንጌሉም በዚሁ ደሴት ተጻፈ ሲል፣ እጅግ የቀደመው ሄሬኔዎስ ግን ወንጌሉ በኤፌሶን እንደ ወጣ መስክሯል። እኔ ለቀደመው ምስክር አደላለሁ፤ ሆኖም በዚያ ዐለት ፊት ጧፍ አብርተው የሚጸልዩት አሮጊቶች እምነታቸውን ያጸኑት በጸሐፍት ክርክር ላይ አለመሆኑን አውቃለሁ።

ከሐዋርያው መመለስ በኋላ ደሴቲቱ ለብዙ ዘመን ከታሪክ ተሰወረች። ባሕሩ የወራሪዎች መመላለሻ በሆነ ጊዜ ነዋሪዎቿ ጥለዋት ሸሹ፤ በ11ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻም ሰው የማይኖርባት ምድረ በዳ ነበረች። ከዚህ ባዶነት ያወጣት፣ በኒቅያ አጠገብ በቢታንያ የተወለደ ክርስቶዱሎስ የሚባል መነኩሴ ነው። ይህ ሰው በሚሊጢን አቅራቢያ በላትሞስ ተራራ ባሉት ገዳማት ላይ አለቃ ሆኖ ሳለ የሰልጁቅ ቱርኮች አገሩን ስለ ወረሩት ለመሰደድ ተገደደ፤ በስደቱም ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ያሰበው ስለ ገዳሙ መጻሕፍት ነበረ። ብራናዎቹን ከጥፋት አውጥቶ ወደ ቍስጥንጥንያ አሻገራቸው። የገዳም አለቃ ወርቁንና ንዋየ ቅድሳቱን ማዳን ይቀናዋል ብለን ለምንገምት ሰዎች ይህ ሥራው ልቡን ይገልጥልናል፤ በኋላ ፍጥሞ የሆነችውን ሁሉ የሆነችው ከዚህ ልብ የተነሣ ነውና።

ክርስቶዱሎስ ከዚያ ወደ ቆስ ደሴት ሄዶ ጥቂት ጊዜ ተቀመጠ፤ ለም ነበረች፤ ነገር ግን የዓለም ሁካታ የበዛባት ስለ ሆነች ለምንኵስና አልተስማማችውም። ስለዚህ በቆስ የነበረውን ርስት መልሶ በምትኩ ባዶዋን ፍጥሞን እንዲሰጠው ንጉሡን አሌክሲዮስ ኮምኔኖስን ለመነ፤ የንጉሡ እናት አና ዳላሲኒም ደገፈችው። በሚያዝያ ወር 1088 ዓ.ም. ንጉሡ ወርቃዊ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ሰጠው፤ ደሴቲቱ ከነወሰኗ በእርስዋ ላይ ለሚሠራው ገዳም ለዘለዓለም እንድትሆን፣ ግብርም እንዳይጠየቅባት አዘዘ። በንጉሡ እጅ በቀይ ቀለም የተፈረመው ይህ ረጅም ብራና እስከ ዛሬ በገዳሙ ዕቃ ቤት ተጠብቆ ይታያል። ለምለሙን ሰጥቶ ድንጋዩን የተቀበለ ሰው በነጋዴ ዓይን ሲታይ የከሰረ ነው፤ ይሁን እንጂ መነኩሴው የፈለገው የሐዋርያው እግር የረገጠው ምድርና ማንም የማይመኘው ብቸኝነት ነበረ።

ሥራው ቀላል አልሆነለትም። መነኩሴው ሴቶችም ሕፃናትም በደሴቲቱ ላይ እንዳይኖሩ ሥርዓት ሠርቶ ሳለ፣ የገዳሙን ምሽግ የሚገነቡት ሠራተኞች ያለ ሚስቶቻቸውና ያለ ልጆቻቸው አንሠራም አሉ። ግንብ ጠራቢውን ካሰናበተው ገዳሙ አይሠራም፤ ከፈቀደለት ሥርዓቱ ይፈርሳል። በመጨረሻ ከደሴቲቱ በስተ ሰሜን ባለው ክፍል ቤተሰቦች እንዲቀመጡ ፈቀደና፣ ሴቶችና ልጆች የማያልፉት ወሰን አበጀ። የዛሬዎቹ የፍጥሞ ሰዎች ታሪካቸውን ከዚህ ከተፈቀደላቸው የሠራተኞች መንደር ሲጀምሩ መስማት ደስ ያሰኛል፤ የቅዱሱን ሰው ጽናት ሳያቃልሉ የአባቶቻቸውንም እምቢታ ያከብራሉና። ክርስቶዱሎስ ግን ሥራውን ተፈጽሞ አላየም። የባሕር ወራሪዎች ስለ በረቱበት ከመነኮሳቱ ጋራ ወደ ኤውቢያ ሸሸ፤ በዚያም በ1093 ዓ.ም. አረፈ። ደቀ መዛሙርቱ ዐፅሙን ይዘው ተመለሱ፤ ዛሬ በገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ጐን ባለው ጸሎት ቤት ያርፋል።

ምሽጉ የቆመው ጥንት የአርጤምስ መቅደስ በነበረበት ስፍራ ላይ እንደ ሆነ ይታመናል። ከ15 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ግንብ፣ በበሩ ራስ ላይ የፈላ ዘይትና ውሃ ለማፍሰስ የተከፈተው ቀዳዳ፣ ጠባቡ መግቢያ፣ ሁሉም የሚናገሩት መነኮሳቱ በሰላም ዘመን ቤት እንዳልሠሩ ነው። ከውስጥ ግን ቅስቶች የከበቡት በነጭና በጥቁር ጠጠር የተነጠፈ አደባባይ፣ ከዚያም በጧፍና በዕጣን ጢስ የጠቈረች ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። በአጠገቧ ያለችው የእመቤታችን ጸሎት ቤት ግድግዳ በ1956 ዓ.ም. በሆነው የምድር መንቀጥቀጥ በተጐዳ ጊዜ፣ ከኋለኛው ሥዕል ሥር በ12ኛው ምእተ ዓመት የተሣሉ ሥዕሎች ተገልጠዋል፤ ከእነርሱም አንዱ አብርሃም ሦስቱን እንግዶች በማዕድ ሲያስተናግድ የሚያሳይ ነው። ለእንግዳ ተቀባይነት ከዚህ የተሻለ ሥዕል ለዚህ ደሴት አይገኝም፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የፍጥሞ ታሪክ ስደተኞችን የመቀበል ታሪክ ነውና።

ከክርስቶዱሎስ ሞት በኋላ የወሰኑ ሥርዓት ላላ፤ ወራሪን የሚፈሩት ቤተሰቦችም ከሰሜኑ ክፍል እየተነሡ ወደ ግንቡ ጥላ ተጠጉ። ኾራ እንዲህ ተወለደች። በ1453 ዓ.ም. ቍስጥንጥንያ በቱርኮች እጅ በወደቀች ጊዜ ከዚያ የተሰደዱ ሰዎች መጥተው ከገዳሙ በስተ ምዕራብ ሰፈሩ፤ በ1669 ዓ.ም. የቀርጤስ ዋና ከተማ በወደቀች ጊዜም ሌሎች ስደተኞች መጥተው በስማቸው የሚጠራ ሰፈር አቆሙ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ በ1659 ዓ.ም.፣ ፍራንቼስኮ ሞሮዚኒ የሚመራው የቬኔዚያ ጦር ከተማይቱን ዘርፏታል፤ የመስቀል ምልክት የያዘ ወገን የዮሐንስን ከተማ መዝረፉን የደሴቲቱ ሰዎች በቀላሉ አልረሱትም። እንግዲህ የዛሬው መንገደኛ በጠባቦቹና በተጠማዘዙት መተላለፊያዎች ሲዘዋወር፣ መንገዱ የሚጠመዝዘው እንግዳ ወራሪ እንዲስት፣ የቤቱ ውጫዊ ግድግዳ ባዶና መስኮተ ጠባብ የሆነው ባለጠግነቱ እንዳይታወቅ መሆኑን ይወቅ። ከበሩ አልፎ የገባ ግን አበባ የሞላበት ግቢ፣ የተቀረጸ የእንጨት ጣሪያ፣ ከሩቅ አገር በመርከብ የመጣ ዕቃ ያገኛል። በኮረብታው ላይ ካሉት ሦስት የንፋስ ወፍጮዎች ሁለቱ በ1588 ዓ.ም. የተሠሩ ሲሆኑ፣ በዘመናችን ታድሰው እንደገና ሸራቸውን ለነፋስ ዘርግተዋል።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እመለሳለሁ፤ እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ስለ ፍጥሞ ለመጻፍ ብዕር አላነሣም ነበርና። በ1200 ዓ.ም. የገዳሙ መነኮሳት ያላቸውን መጽሐፍ ሁሉ ቈጥረው መዝግበው ነበር፤ በዝርዝሩም 330 መጻሕፍት ይገኛሉ። ገዳሙ ገና ከመቶ ዓመት ብዙም ሳያልፈው፣ በወራሪ መካከል ባለ ድንጋይ ላይ ይህን ያህል መጽሐፍ ማከማቸት ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ከ1000 በላይ የእጅ ጽሑፎች አሉት። ከሁሉ የሚደነቀው በ6ኛው ምእተ ዓመት በሐምራዊ ቀለም በተነከረ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈው የወንጌል ክፍል ነው፤ የአምላክ ስም በመጣ ቊጥር ጸሐፊው ብሩን ትቶ በወርቅ ጽፏል። ከዚህ መጽሐፍ በፍጥሞ ያሉት 33 ቅጠሎች ከማርቆስ ወንጌል ሲሆኑ፣ ትልቁ ክፍል በሩሲያ በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ይገኛል፤ ሌሎቹም ቅጠሎች በልዩ ልዩ አገር ተበትነዋል። በመጽሐፍ ላይ የሚደርስ መበታተን ስደት ከመሆን በቀር ምን ይባላል!

የደሴቲቱ ሰዎች እስከ ዛሬ በቁጭት የሚያነሡት ሌላ መጽሐፍም አለ። በ895 ዓ.ም. ዮሐንስ የሚባል ቁም ጸሐፊ የአፍላጦንን ድርሰቶች ለአሬታስ ለሚባል ዲያቆን ጽፎ፣ ለጽሕፈቱ 13፣ ለብራናው 8 የወርቅ ገንዘብ እንደ ተከፈለ በመጨረሻው ላይ አስመዘገበ። ይህ አሬታስ በኋላ የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ፤ የወንጌላዊውን የዮሐንስን ራእይም ተርጕሟል። መጽሐፉ በምን መንገድ ወደ ፍጥሞ እንደ ገባ ስንኳን ባናትት፣ የራእዩ ተርጓሚ የነበረው ሰው መጽሐፍ ራእዩ በታየበት ገዳም ማረፉ የሚያስደንቅ ነው። በ1801 ዓ.ም. ኤድዋርድ ዳንኤል ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ መንገደኛ ወደ ደሴቲቱ መጣና መጻሕፍቱ በወለል ላይ ተከምረው አየ፤ ከመነኮሳቱም ላይ ይህንና ሌሎችን ገዝቶ ወሰደ። ዛሬ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት በክላርክ ስም ይጠራል። ክላርክ መነኮሳቱን ስለ አለማወቃቸው ነቅፏቸዋል፤ ያ ትውልድ ያለውን ሀብት አለማወቁንም አልክድም። ነገር ግን መጽሐፉን ለክላርክ እጅ ያቆየው የዚያው ገዳም ግንብ ነው፤ ጠባቂውን ትቶ ወሳጁን ብቻ ማመስገን ፍትሕ አይደለም።

እንዲህ ያለው ድንቁርና በሁሉ ዘመን የኖረ እንዳልነበረ ትምህርት ቤቱ ይመሰክራል። በ1713 ዓ.ም. የደሴቲቱ ተወላጅ ዲያቆን ማካሪዮስ ካሎጌራስ በዋሻው አጠገብ ያቋቋመው ትምህርት ቤት በቱርክ ግዛት ሥር ለነበሩት ግሪኮች ብዙ መምህራንንና ጳጳሳትን አፍርቷል። ይህን ሁሉ የመገበው ደግሞ ባሕሩ ነው፤ ንጉሡ አሌክሲዮስ ለገዳሙ መርከብ እንዲኖረው ከፈቀደለት ጊዜ ጀምሮ መነኮሳትም ነጋዴዎችም እስከ ቬኔዚያ ድረስ ይነግዱ ነበር፤ የቱርክ ነገሥታትም ግብር እየተቀበሉ ገዳሙን በሥርዓቱ ተዉት። በ1814 ዓ.ም. በኦዴሳ ለግሪክ ነጻነት የተመሠረተውን የምስጢር ማኅበር ካቋቋሙት ሦስት ሰዎች አንዱ፣ ኢማኑኤል ክሳንቶስ፣ የፍጥሞ ልጅ ነበረ። ሆኖም ግሪክ ነጻ በወጣች ጊዜ ደሴቲቱ በቱርክ እጅ ቀረች።

በ1912 ዓ.ም. ኢጣልያ ከቱርክ ጋራ ስትዋጋ ዶዴካኔዝን ያዘች፤ ለሠላሳ ዓመት ገደማም ገዛቻቸው። በዋሻው አጠገብ የነበረው ትምህርት ቤትም በዚያ ዘመን ተዘጋ። እኛን የወረረችው ያቺው መንግሥት በመሆኗ የሁለቱ አገሮች ጉዳይ በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኘ፤ የካቲት 10 ቀን 1947 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል 14ኛው አንቀጽ ኢጣልያ ዶዴካኔዝን ለግሪክ ስትለቅ፣ በ33ኛው አንቀጽ የኢትዮጵያን ነጻነትና ሉዓላዊነት ዐውቃለች። ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። ደሴቲቱ በ1948 ዓ.ም. ከግሪክ ጋራ ተዋሐደች፤ ትምህርት ቤቱም ተከፈተ። በ1999 ዓ.ም. ኾራ፣ ገዳሙና ዋሻው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ።

ሊጐበኛት የሚወድ ኢትዮጵያዊ ዕረፍቱን በነሐሴ ከሚያደርግ ይልቅ በሰሙነ ሕማማት ቢሄድ ይሻለዋል። የግሪክ ቤተ ክርስቲያንና የእኛ ቤተ ክርስቲያን ትንሣኤን በአንድ ቀን ስለሚያከብሩ፣ ጾሙን ሳያፈርስ ከእነርሱ ጋራ ይጾማል። በጸሎተ ሐሙስ ጧት በኾራ አደባባይ፣ በቅጠልና በአበባ ያጌጠ መድረክ ላይ፣ አበ ምኔቱ የጌታን ስፍራ ይዞ፣ እንደ ሐዋርያት የተቀመጡትን 12 አገልጋዮች እግር ያጥባል፤ ከእነርሱም መካከል የጴጥሮስን ስፍራ የያዘው አስቀድሞ እምቢ ይላል። የእኛ አበው ሕፅበተ እግር የሚሉትን ይህን ሥርዓት እኛ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስናየው፣ እነርሱ ሕዝብ ሁሉ ከየሰገነቱ እያየ በአደባባይ ይፈጽሙታል። በግሪክ ቋንቋ የሚነበበውን ወንጌል ባይሰማም፣ አበ ምኔቱ ልብሰ ተክህኖውን አውልቆ ወገቡን በማበሻ ጨርቅ ሲታጠቅ ቀጥሎ የሚሆነውን ሁሉ ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ሲበተን ወደ ገዳሙ ዕቃ ቤት ይግባ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ለተመራማሪ እንጂ ለሁሉ ባይከፈትም፣ የንጉሡ ደብዳቤና ከሐምራዊው ወንጌል ቅጠሎች መካከል አንዳንዶቹ በዚያ ለሕዝብ ይታያሉ።